ኤስኤስዲዬን ምን ያዘው? ለአንድ የሠርግ ቪዲዮ ሠራተኛ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ይኸውና፦

«ሰላም ወንድሜ። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ላፕቶፔ 3ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። ከሦስት ዓመት በፊት 240 ጊጋ ኤስኤስዲ አስገባሁበት። የድሮው ሃርድ ዲስክም አብሮ አለ። ያን ሰሞን ጉድ ነበር፣ ቁልፉን ተጭኜ ዞር ሳልል ይከፈት ነበር። አሁን ዊንዶውሱ ይንቀራፈፋል። ከካሜራ ካርድ ቪዲዮ ስገለብጥ መጀመሪያ ይበርራል፣ ትንሽ ቆይቶ ኤሊ ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ሁሉ ሞከርኩ። በአንድ ፕሮግራም ዲፍራግ አደረግኩት፣ ፔጅ ፋይል አጠፋሁ፣ ሱፐርፌች አጠፋሁ፣ ስለ ‹ራይት ካሽ በፈር ፍላሺንግ› የሚያወራውንም ሳጥን ቲክ አደረግኩ። ለውጥ የለም። ሲ ላይ የቀረኝ 9 ጊጋ ነው። የሚያፈጥነው ነገር አለ ወይስ ልቀይረው?»

ሰላም ወንድሜ። ገና አትቀይረው። ግን ይህን ጽሑፍ አንብበህ ሳትጨርስ የምታስተካክለው አንድ ነገር አለ። ያቺን የመጨረሻዋን ቲክ አንሳት።

ምን እንደምታደርግ ልንገርህ። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር ሳይኖረው በሜሞሪ ቺፕ የሚሠራው ዲስክ፣ የተላከለትን ዳታ ሁሉ ወዲያው በቋሚው ሜሞሪ ላይ አያሰፍርም። ጥቂቱን ለአፍታ በጊዜያዊ ሜሞሪ ይዞት ይቆያል። ዊንዶውስ ደግሞ በየመሃሉ «የያዝከውን አሁኑኑ አስፍር» እያለ ያዘዋል። ሳጥኗን ቲክ ስታደርግ ይህ ትእዛዝ ይቀራል። ፍጥነት ትንሽ ትጨምር ይሆናል። መብራት ድርግም ካለ ግን ያልሰፈረው ሁሉ ይጠፋል። አንዳንዴ የሚበላሸው አንድ ፋይል ብቻ አይደለም፣ የፋይሎቹ ማውጫ ራሱ ነው። ባትሪ አለኝ ትለኝ ይሆናል። የ3ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ባትሪ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ግን አንተም እኔም እናውቃለን። የሰው ሠርግ ይዘህ በዚህ አትጫወት፣ ሙሽሮቹን ድጋሚ ልበሱ አትላቸውም።

ፔጅ ፋይሉንም፣ ማለትም ራም ሲጠብ ዊንዶውስ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ትርፍ ቦታ፣ መልሰው። በ8 ጊጋ ራም ቪዲዮ እየሠራህ ፔጅ ፋይል ካጠፋህ፣ ራሙ ሲሞላ ፕሮግራሙ ድንገት ይዘጋብሃል። «ሲስተም ማኔጅድ» የሚለው ላይ ተወው። ሱፐርፌች (ደጋግመህ የምትከፍታቸውን ፕሮግራሞች ቀድሞ ራም ላይ የሚጭነው) ኤስኤስዲ ላይ ቢጠፋም ቢበራም ልዩነቱ አይታይህም፣ ስለዚህ እንደነበረ ይሁን። እነዚህ ምክሮች የመጡት ኤስኤስዲ ውድና ትንሽ በነበረበት ጊዜ ነው። ሰው «ብዙ ከተጻፈበት ይሞትብኛል» ብሎ ይፈራ ነበር። ዕድሜ ለማራዘም የተባለው ምክር ነው ዛሬ «ኤስኤስዲ ማፍጠኛ» ተብሎ በየቪዲዮው የሚዞረው።

እውነቱን ለመናገር፣ ኤስኤስዲን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ የሚያስሮጥ ሴቲንግ የለም። ከተንቀራፈፈ አንድ ነገር ይዞታል። የኛ ሥራ የያዘውን ፈልጎ ማስለቀቅ ነው። አንተ ዘንድ ቢያንስ ሦስት ተጠርጣሪ ይታየኛል።

መጀመሪያ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ታገሠኝ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይገባሃል። የትምህርት ቤት ሰሌዳ አስብ። መምህሩ በጠመኔ መስመር በመስመር ይጽፋል። ዳስተሩ ግን ጉደኛ ነው፣ አንድ መስመር ብቻ ማጥፋት አይችልም። ካጠፋ ሰሌዳውን ሙሉ ነው። የኤስኤስዲ ሜሞሪም እንደዚሁ ነው። የሚጻፈው «ፔጅ» በሚባል ትንሽ ክፍል ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 16 ኪሎባይት። የሚጠፋው ግን «ብሎክ» በሚባል ትልቅ ክፍል ነው። አንድ ብሎክ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፔጆች ይይዛል። በተጻፈበት ፔጅ ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ፋይል ስታስተካክል አዲሱ ሌላ ቦታ ይጻፋል፣ የድሮው «የማይፈለግ» ተብሎ ይቀመጣል።

በኋላ ኮንትሮለሩ (የኤስኤስዲው አዛዥ ቺፕ) ፋታ ሲያገኝ አንድ ሰሌዳ ይመርጣል። የሚፈለጉትን መስመሮች ወደ ሌላ ሰሌዳ ይገለብጣል፣ ከዚያ ያኛውን በዳስተር ይጠርጋል። ጋርቤጅ ኮሌክሽን የሚባለው ይህ ነው። ባዶ ሰሌዳ በሽ በሽ ከሆነ አንተ ሳታውቀው ያልፋል። ባዶ ሰሌዳ ካለቀ ግን አንድ መስመር ለመጻፍ መገልበጥም ማጥፋትም ይቀድማል። አንተ 1 ጊጋ ስትልክ ውስጥ ለውስጥ ከዚያ በላይ ይጻፋል። የምትጠብቀው ያንን ነው።

እና አንተ የቀረህ 9 ጊጋ ነው! ካርቶኑ ላይ 240 የተባለው ዊንዶውስ ላይ 223 ሆኖ ይታያል። ማንም አልሰረቀህም፣ ፋብሪካው በ1000 ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። ከ223 ላይ 9 ማለት 4 በመቶ ነው። እኔ ለደንበኞቼ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ከተቻለ 20 በመቶ ባዶ አድርጉ እላለሁ። ላንተ ከ35 እስከ 45 ጊጋ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኸው ነው። እንደኔ ግምት የዊንዶውስህን መንቀራፈፍ አብዛኛውን ክፍል የሚያብራራውም እሱ ነው።

ከየት ላምጣ ካልክ፣ የቪዲዮ ሠራተኛ ላፕቶፕ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የኤዲቲንግ ፕሮግራሙን ሚዲያ ካሽ፣ ማለትም ለራሱ የሚያጠራቅማቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች ነው። ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው የሠርጋቸው ፕሪቪው ፋይል እስካሁን ሲ ላይ ተቀምጦ አግኝቻለሁ። ካሹን ወደ ሃርድ ዲስኩ አታዛውረው፣ እዚያ ኤዲቲንጉ ራሱ ይጎተታል። ያለቁ ፕሮጀክቶችን ብቻ አጽዳ። ቀጥሎ ቴሌግራም ነው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ያየኸውን ቪዲዮ ሁሉ ያስቀምጣል፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ካሹን ጥረግና ገደብ አበጅለት። ዳውንሎድ ፎልደሩን አልነግርህም፣ አፍረህ ራስህ ታጸዳዋለህ። ሀይበርኔሽን (የተከፈተ ሥራህን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ላፕቶፑን የሚያጠፋው) የማትጠቀም ከሆነም አጥፋው። ፋይሉ ዊንዶውስ 10 ላይ በተለምዶ የራሙን 40 በመቶ ያህል ይይዛል፣ ላንተ 3 ጊጋ ምናምን። ሲጠፋ ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳው ፋስት ስታርትአፕም አብሮ እንደሚሄድ ግን እወቅ።

ባዶ ቦታ ብቻውን አይበቃም። ፋይል ስታጠፋ ዊንዶውስ ከማውጫው ስሙን ይሰርዛል። ኤስኤስዲው በራሱ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሞተውን መስመር እንደ ነፍስ ያለው ቆጥሮ ከሰሌዳ ሰሌዳ ሲገለብጥ ይከርማል። ትሪም የሚባለው ትእዛዝ የመጣው ለዚህ ነው። «ይህ መስመር አያስፈልግም» ብሎ ይነግረዋል። ዊንዶውስ በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ይህን ያውቃል።

ቦታውን ካጸዳህ በኋላ ስታርት ላይ «ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» የሚለውን ፈልገህ ክፈት። ሲ ትይዩ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ይላል? ካለ «ኦፕቲማይዝ» የሚለውን ተጫን። ስሙ አያሳስትህ፣ ኤስኤስዲ ላይ ዋና ሥራው ትሪም መላክ ነው። ከሥር ያለው መርሐ ግብር «ዊክሊ» (በየሳምንቱ) መሆኑንም አረጋግጥ። ላፕቶፑን እንደጨረስክ ክርችም አታድርገው፣ ቻርጀር ላይ ሰክተህ ሳይተኛ ለሁለት ሰዓት ያህል ተወው። ኮንትሮለሩ ሰሌዳውን የሚጠርገው ያኔ ነው።

ዲፍራግ ያደረግክበትን ፕሮግራም ደግሞ አውጥተህ ጣለው። ዲፍራግ፣ ማለትም የተበታተነ ፋይልን አንድ ላይ መሰብሰብ፣ የሚጠቅመው እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ እየተወዛወዘ ለሚያነብ ሃርድ ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ የሚወዛወዝ ነገር የለውም። ፋይሉ ተበታትኖ ቢቀመጥም ብዙም አይቸግረውም። ያገኘኸው ትርፍ ዕድሜውን መብላት ብቻ ነው። ሆኖም አትደንግጥ። ርካሹ ኪንግስተን ኤ400 እንኳ፣ ያው ባለ 240 ጊጋው፣ ፋብሪካው የሰጠው የጽሑፍ ገደብ 80 ቴራባይት ነው። አንድ ሁለት ዲፍራግ አልገደለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተጠርጣሪ፣ ወደ ኤሊው እንምጣ።

ቪዲዮ ስትገለብጥ መጀመሪያ የሚበርረው በከፊል ዊንዶውስ ስለሚያታልልህ ነው። ፋይሉን መጀመሪያ ራም ላይ ይቀበልና ያለቀ ያስመስለዋል። ራሙ ሲሞላ እውነተኛው ፍጥነት ይወጣል። ሁለተኛው ምክንያት ኤስኤስዲው ራሱ ጋ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ሻጩም አይነግርህም።

አንድ ብርጭቆ ባዶ ነው ወይስ ሙሉ ብሎ ከሩቅ መለየት ቀላል ነው። ብርጭቆው ላይ 8 መስመር አስምረህ ስንተኛው ጋ ደረሰ ከተባልክ ግን ጎንበስ ብለህ ማየት አለብህ። 16 መስመር ከሆነማ መነጽር ያስፈልጋል። ኤስኤልሲ የሚባለው ሜሞሪ በአንድ ሴል አንድ ቢት ብቻ ይይዛል፣ ሙሉ ወይም ባዶ። ቲኤልሲ ሦስት ቢት ይይዛል፣ 8 ደረጃ መለየት አለበት። ኪውኤልሲ አራት ቢት ነው፣ 16 ደረጃ። ቢቱ ሲበዛ ዋጋው ይረክሳል፣ መጻፉ ግን ይዘገያል። ፋብሪካዎቹ መላ አላቸው። የሜሞሪውን አንድ ክፍል ለጊዜው እንደ ኤስኤልሲ ይጠቀሙበታል። የምትልከው መጀመሪያ እዚያ በፍጥነት ይወርዳል፣ በኋላ በዝግታ ወደ ቦታው ይጋዛል። ካሽ የሚባለው ይህ ጊዜያዊ ክፍል ሲሞላ ነው ኤሊው የሚመጣው።

ሳምሰንግ 870 ኪውቪኦን ውሰድ። የ1 ቴራው ካሽ ቢበዛ 42 ጊጋ ነው። እዚያ ድረስ በሰከንድ 530 ሜጋባይት ይጽፋል። ካለፈ ወደ 80 ይወርዳል። ይህን ፋብሪካው ራሱ የጻፈው ነው፣ ሐሜት አይደለም። 80 ማለት ሃርድ ዲስክ የሚስቅበት ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ ካሹ እንደ ባዶው ቦታ ይሰፋል ይጠባል። ስለዚህ ሲ ሲሞላብህ ሁለት ጊዜ ነው የተቀጣኸው፣ ባዶ ሰሌዳም አጣህ፣ ካሹም ጠበበ።

ይህን በሴቲንግ አትቀይረውም። በአሠራር ግን ትቀይረዋለህ። የአንድ ሠርግ 60 ጊጋ በአንድ ትንፋሽ ኤስኤስዲው ላይ አታፍስስ። ጥሬውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጥ፣ ለጥሬ ቪዲዮ መጋዘንነት ምን አነሰው? የዕለቱን የምትሠራበትን ክፍል ብቻ ወደ ኤስኤስዲው አምጣ።

ቆይ ግን፣ ጥፋቱ የኤስኤስዲው መሆኑን በምን አወቅን? ካርዱም ሊሆን ይችላል። በምትገለብጥበት ጊዜ ታስክ ማኔጀር ከፍተህ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ የኤስኤስዲውን ግራፍ እይ። «አክቲቭ ታይም» 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ የሚጻፈው ግን 40 ወይም 60 ሜጋባይት ከሆነ፣ ጥፋተኛው ኤስኤስዲው ነው። አክቲቭ ታይሙ 10 ወይም 15 በመቶ ላይ ከተኛ ግን ኤስኤስዲው እጁን አጣጥፎ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ያኔ ካርድ ሪደሩን የሰካህበትን ቀዳዳ እይ። ዩኤስቢ 2 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፣ በተግባር ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት። ላፕቶፕህ ዕድሜው ዩኤስቢ 3ን ይደርስበታል፣ ብዙ ጊዜ ምላሱ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ ነው። ባለ ዩኤስቢ 3 ካርድ ሪደር ገዝተህ እዚያ ሰካው። ደንበኛዬ የነበረ አንድ ፎቶ አንሺ በዚህ ምክንያት ሦስት ኤስኤስዲ ቀያይሯል። ችግሩ የነበረው ከጎዳና ላይ የገዛት ሪደር ነበረች።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ጥያቄህ ውስጥ በጨረፍታ ያለፈው ነው፦ «የድሮው ሃርድ ዲስክም አብሮ አለ»። ያንተ ዓይነት ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ የዲስክ ቦታው አንድ ነው። ሁለት ዲስክ ካለው አንዱ በዲቪዲው ቦታ በካዲ (በዲስክ መያዣ) ገብቷል። እንግዲህ የገጠመልህ ሰው የትኛውን የት አስገባው? ቸኩሎ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ከነበረበት ሳይነካ ኤስኤስዲውን ካዲው ላይ ሰክቶልህ ሄዷል። በ2ኛና በ3ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፖች ዲስኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው መስመር (ሳታ የሚባለው) ብዙ ጊዜ ዋናው ቦታ ላይ ሳታ 3 ሲሆን የዲቪዲው ቦታ ግን ሳታ 2 ነው፣ አንዳንዱማ ከዚያም ያንሳል። ሳታ 3 በሰከንድ 6 ጊጋቢት ነው። እያንዳንዱ ባይት መስመሩ ላይ 10 ቢት ስለሚወስድ 600 ሜጋባይት ይሆናል፣ በተግባር 550 አካባቢ። ሳታ 2 ግማሹ ነው።

ለማወቅ ላፕቶፑን መፍታት የለብህም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አውርድ። «ትራንስፈር ሞድ» በሚለው ላይ ሁለት ቁጥር ታያለህ። የግራው አሁን የሚሠራበት ነው፣ የቀኙ የሚችለው። ሁለቱም 600 ከሆኑ ሰላም ነው። ግራው 300 ቀኙ 600 ከሆነ ኤስኤስዲው ጠባብ መንገድ ላይ ነው፣ ቦታ አቀያይራቸው።

ግን እዚህ ላይ ልዋሽህ አልፈልግም። መንገዱን ማስፋት ትልቅ ፋይል ስትገለብጥ ይታይሃል። ዊንዶውስ ሲነሳና ፕሮግራም ሲከፈት ግን ልዩነቱን ላታየው ትችላለህ። የዕለት ተዕለት ሥራ የሚሠራው በትንንሽ፣ ተበታትነው በሚነበቡ ቁራጮች ነው። እዚያ ላይ ጥሩ የሳታ ኤስኤስዲ እንኳ አንድ በአንድ ሲጠየቅ በሰከንድ ከ25 እስከ 40 ሜጋባይት ነው የሚያነበው። ሃርድ ዲስክ በዚሁ ፈተና 1 ሜጋባይት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያን ሰሞን ጉድ ያልከው ይህን ልዩነት ነው። መንገዱ 300 ይሁን 600 ለ40ው ምኑም አይደለም።

እዚያው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ እያለህ ጤናውን እይ። «ጉድ» ካለ ደህና። ቢጫ «ኮሽን» ካለ ማፍጠኑን ተወውና ዛሬውኑ ዳታህን አውጣ፣ ኤስኤስዲ እንደ ሃርድ ዲስክ አቃስቶ አይሞትም። ከዝርዝሩ ውስጥ ሲአርሲ ኤረር (ዳታ መስመር ላይ ሲተላለፍ የተፈጠረ ስህተት) የሚለው ቁጥር በየቀኑ እየጨመረ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከሜሞሪው አይደለም። ከካዲው ወይም ከመሰኪያው ነው። ነቅለህ፣ አጽድተህ፣ አጥብቀህ ሰካው።

ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የላፕቶፑ ሴቲንግ) ውስጥም አንድ ነገር እይ። የሳታ ሞዱ «አይዲኢ» ላይ ከሆነ ኤስኤስዲው ትእዛዝ የሚቀበለው አንድ በአንድ ነው። «ኤኤችሲአይ» ላይ እስከ 32 ትእዛዝ አሰልፎ ብዙዎቹን ጎን ለጎን ያስተናግዳል። ግን ዝም ብለህ እንዳትቀይረው! ዊንዶውሱ በሰማያዊ ስክሪን ይቀበልሃል። መጀመሪያ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ ሴፍ ቡት ምረጥ፣ ሪስታርት አድርገህ ባዮሱን ቀይር፣ በሴፍ ሞድ ሲነሳ ድራይቨሩን ራሱ ያስተካክላል፣ ከዚያ ሴፍ ቡቱን አንሳ።

ፈርምዌርን፣ ማለትም ኤስኤስዲው ውስጥ የሚኖረውን የራሱን ሶፍትዌር በተመለከተ፣ የኤስኤስዲህ ፋብሪካ ማዘመኛ ካወጣ ቸል አትበል። በ2014 ሳምሰንግ 840 ኢቪኦ የያዙ ሰዎች ግራ ገብቷቸው ነበር። አዲስ ፋይል ሲያነቡ ፍጥነቱ ልክ ነው። ወራት ያስቆጠረ ፋይል ሲያነቡ ግን ይጎተታል። የሴሎቹ ቮልቴጅ በጊዜ ብዛት ስለሚንሸራተት ኮንትሮለሩ ደጋግሞ ማንበብ ነበረበት። ያው ብርጭቆ፣ ውሃው በትነት ወርዶ መስመሩን ለመለየት እንደመቸገር። ፋብሪካው በዚያው ዓመት ማስተካከያ አወጣ፣ አልበቃም፣ በ2015 ድጋሚ አወጣ። ይህን በየትኛውም የዊንዶውስ ሴቲንግ ማዳን አይቻልም ነበር። ፈርምዌር ስታዘምን ግን ዳታህ ሌላ ቦታ ይኑር፣ ቻርጀሩም ይሰካ።

ራምን ተጠቅመው ኤስኤስዲ «በአሥር እጥፍ እናፈጥናለን» የሚሉ ፕሮግራሞችም አሉ። መለኪያው ላይ የሚወጣው ቁጥር ዓይን ያስፈዝዛል፣ የሚለካው ግን ራምህ ነው። 8 ጊጋ ላለው ሰው ከራሱ ኪስ ለራሱ እንደማበደር ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከላይ ነግሬሃለሁ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከተጎተተ፣ ዳታህን ሙሉ በሙሉ አውጣ። ከዚያ በፋብሪካው ፕሮግራም «ሴኪዩር ኢሬዝ» አድርግና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫን። ሰሌዳው ሁሉ በአንዴ ይጠረጋል፣ ጤናው ደህና ከሆነ ወደ መጀመሪያው ፍጥነቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላም ያው ከሆነ ያኔ ቀይረው።

ስትገዛ ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የፈጠነ ሌላ ዓይነት ኤስኤስዲ) ይሻላል ለሚልህ ሰው ጆሮ አትስጥ። ፈጣን ነው፣ ግን ላፕቶፕህ መሰኪያው የለውም። 2.5 ኢንች ሳታ፣ ሜሞሪው ቲኤልሲ፣ የራሱ ዲራም (ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ያለው፣ 500 ጊጋ አካባቢ ፈልግ። ዋጋውን ሰምተህ «ይህ ነገር እንዴት ረከሰ?» ካልክ ጥርጣሬህን እመነው። በትንሽ ሜሞሪ ላይ ትልቅ ቁጥር ጽፈው የሚሸጡ አሉ፣ ዊንዶውስ ላይም ያንኑ የውሸት ቁጥር ያሳዩሃል። ኤች2 ቴስት ደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጫፍ ድረስ ጽፎ መልሶ እንዲያነብ አድርግ። ሰዓታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን ተስማምተህ ውሰድ። ካዲውን ስትፈታ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀል።